ፍላጻ፣ ጋሻና ቀስት በአዘዞ ጋራዥ

«ጋሼ፣ ባሌስትራው ተሰንጥቋል» አለ ከመኪናው ሥር በጀርባው የተጋደመው ልጅ።

«የቱ? የላዩ ነው?»

«አይ፣ ሁለተኛው። ቡሎኑም ጥርሱ ተበልቷል።»

አዘዞ ነን፤ የመተማው መንገድ ከባሕር ዳሩ የሚለይበት፣ ጭነት መኪናና ባጃጅ ሲተላለፍ የሚውልበት ሠፈር። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ጣሊያንኛ ተምሮ አያውቅም፤ ባሌስትራን አማርኛ ብሎ ነው የያዘው። ልክ ነው፣ ዛሬ አማርኛ ነው። የመጣበትን መንገድ መለስ ብሎ ላየ ግን ቃሉ በሆዱ ብዙ ይዟል።

ባሌስትራ በጣሊያንኛ የጦር መሣሪያ ስም ነበር። ጠመንጃ አውሮፓን ሳይሞላ በፊት፣ በሰደፍ ላይ የተጋደመ ጠንካራ ቀስት ነበረ፤ ገመዱ በኃይል ተስቦ ይያዝና ሲለቀቅ ፍላጻውን ይወረውራል። የቃሉ ሥር ግሪክኛ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ትርጉሙ «መወርወር» ነው። ታዲያ መኪና ላይ ምን ሊሠራ መጣ? ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ተደራርበው የታሰሩት ዝርግ ብረቶች የተለጠጠ ቀስት ይመስላሉ፤ ጭነት ሲያርፍባቸው ይዘረጋሉ፣ ጭነቱ ሲነሣላቸው ወደ ጉብጠታቸው ይመለሳሉ። ጣሊያናዊው ሠራተኛ ያንን አየና የአያቶቹን መሣሪያ ስም አወረሰው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ታርጋ የሚለውን ቃል እንደ ድሮው ማለፍ አልቻልኩም። ታርጋ ጋሻ ነው። ከጀርመን ጎሣዎች ቋንቋ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ጣሊያንኛ ገባ፤ መጀመሪያ ተዋጊ በክንዱ የሚያነግበው ትንሽ ጋሻ ነበር፤ ቀጥሎ ስም የተጻፈበት ዝርግ ብረት ሆነ፤ በመጨረሻም የመኪና ቁጥር።

ፍሬቻ ደግሞ ፍላጻ ነው። እኛ የምናውቀው ብልጭ ድርግም የሚል ብርቱካናማ መብራት ነው፤ ከፍላጻ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ የሚፈታው ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ መኪና ጎን ላይ ነው። ያኔ ነጂው ሊታጠፍ ሲል ከበሩ አጠገብ፣ ከምሰሶው ውስጥ፣ ቀጭን ክንድ ብድግ ትልና ወደ ጎን ትዘረጋለች፤ ውስጧ ትንሽ አምፖል አለ፤ ከታጠፈ በኋላ ተመልሳ ትከተታለች። ጣሊያኖች ፍሬቻ ያሉት ይህችን ክንድ ነው። ክንዷ ከመንገድ ከጠፋች ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ስሟ ግን ይኸው አዘዞ ላይ የባጃጅ ሹፌር አፍ ውስጥ አለ። የጥንት መኪና ወዳጆች ይህችን ክንድ ሳትሰበር ለማግኘት አገር ያቋርጣሉ። እኛ ቃሏን ሳትሰበር ይዘናታል።

ቀስት፣ ጋሻ፣ ፍላጻ። ሦስቱ በእውነተኛ ጦር ዘመን መስፋፋታቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አቺሌ ስታራቼ የመራው የፋሺስት ጦር ከኦምሐጀር ተነሥቶ በጭነት መኪና ተጭኖ ጎንደር ገባ። አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያነጹባት አዘዞ የጠላት አውሮፕላን ማረፊያ ሆነች። የሊማሊሞ ገደል ተጠርቦ መንገድ ወጣበት። የጎንደሩ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ ነበረች። ቃሎቹ ሁሉ በእነዚያ ዓመታት ብቻ ገቡ አልልም፤ በአሥመራ በኩል ቀድመው የዘለቁ አሉ፣ ከድል በኋላ አገራችን በቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ሥር የሠለጠኑ ልጆች ያስፋፏቸውም አሉ። ግን የጦሩን መኪና የፈታ፣ የገጠመና በመጨረሻ ለራሱ ያዋለ የሀገሬው እጅ ነው ቃሉንም የማረከው።

ከዚህ በታች ሌላ፣ የቆየ ንብርብር አለ፤ እሱ የፈረንሳይኛ ነው፣ የመጣውም በጂቡቲ በኩል። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ያየችው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይዞት የመጣው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ አፄ ምኒልክም ተሳፍረውበታል። ሹፌር በፈረንሳይኛ «አሙቂ» ማለት ነው፤ በእንፋሎት ይሄድ የነበረውን መኪና እሳት አንድዶ የሚያሞቀው ሰው። ባቡርም ከዚያው ከእንፋሎት የመጣ ስም ነው። ለዚህ ነው አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው መንገድ የሚዳምጠው የእንፋሎት መኪና ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው። እህል የሚፈጨውንም ሞተር ባቡር እንለው ነበር።

መኪና ራሱስ? ጣሊያንኛው ቃል ማንኛውንም ብልሃት የተሞላበት መሣሪያ ይጠራል፤ ሥሩ ግሪክኛ ሲሆን «ዘዴ» ማለት ነው። አማርኛ ይህን ሰፊ ትርጉም አልጣለውም፤ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንላለን። መካኒክም የዚያው የግሪክኛ ሥር ልጅ ነው። መኪናውና መካኒኩ፣ በስም ወንድማማቾች ናቸው።

ልጁ ባሌስትራውን ፈትቶ ሲያወጣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላማዳሪ ሄደ። ከምወዳቸው ቃላት አንዱ ነው። በጣሊያንኛ ሁለት ቃል ነበር፤ «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል፣ ለአየር የተሠራ እልፍኝ። አማርኛ ተናጋሪ ምላስ ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ ራውን ላ ብሎ አለሰለሰው። ፎቶ የምናነሣበት ካሜራም ያው እልፍኝ ነው፤ ጨለማው እልፍኝ። የተቀደደው ካላማዳሪ በስሱ ተተልትሎ ጭነት ይታሰርበታል፤ ለልጆች ወንጭፍም ይሆናል። የውጪው ጎማ በረባሶ ጫማ ሆኖ ስንቱን ገበሬ ዳገት አሻግሯል።

የጎማ ነገር ደግሞ ከሁሉ ሩቅ ይወስደናል። ጣሊያንኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ፣ ግሪኩ ከጥንታዊ ግብፅ ቋንቋ ነው የወሰደው፤ እዚያ ትርጉሙ ሙጫ ነበር። ሙጫው ከግራር ይወጣል። ከአዘዞ ወደ መተማ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ግራር ወዳለበት ቆላ ይወስዳል። የዓባይ ሸለቆ ቃል ሮምን ዞሮ፣ በመኪና እግር ተመለሰ ማለት ነው።

ከመኪና ክፍሎች ስም መካከል የቤት ዕቃም አይጠፋም፦ በጣሊያንኛ ማርሚታ ትልቅ ድስት፣ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ፣ ካንዴላ ሻማ ነው። ነገር ግን ዋናውን ተግባር አማርኛ ለማንም አልሰጠም። መኪና «እንነዳለን»፤ ከብትና አህያ በምንነዳበት ግስ፣ ግእዝ «ነድአ» ባለው። የምንጨብጠው «መሪ» ነው። የሚቃጠለው «ነዳጅ» ነው፣ ከነደደ። ዕቃው በባዕድ ስም ይጠራ እንጂ፣ ሥራው በእኛ ቃል ነው የሚሠራው።

ጣሊያን ውስጥ ከ1927 እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ይካሄድ በነበረው የሚሌ ሚሊያ ውድድር ዘመን የተሠሩ መኪኖች ዛሬም በየዓመቱ ለመታሰቢያው ጉዞ ይወጣሉ፤ ባለቤቶቻቸው አንዲት ዋና ቡሎን እንዳትቀየር ይጨነቃሉ። ያ ጭንቀት ይገባኛል። እኔም የምጨነቅለት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሚታና ሳልባትዮ አያውቅም። ካላማዳሪማ ቀድሞም እየጠፋ ነው። ዕቃው ሲጠፋ ቃሉን የሚጠራው ሰው ያረጃል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሠፈርህ አንድ ያረጀ መካኒክ ካለ፣ ጎንደር ፒያሳም ይሁን አዘዞ ወይም ደባርቅ፣ ደብተርና እርሳስ ይዘህ ሂድ። ቱታው ላይ ዘይት ያለበት ቀን ቢሆን ይሻላል፤ ዕቃውን እያነሣ ስሙን ይነግርሃል። እሱ እንደሚጠራው አድርገህ ጻፈው፤ አታርመው።