ሰንጢያችንና የተረሳው ሒሳብ



ዘንድሮ የንብረት ቆጠራ ስናደርግ ምጣዱን፣ ድስቱንና ሚዛኑን አንድ በአንድ መዘገብን። ሰንጢዎቹንና ቢላዎቹን ግን «አላቂ ዕቃ» ብለን አለፍናቸው። ከአባላቶቻችን አንዷ እናት ከመቀነታቸው ሰንጢ አውጥተው አሳዩን። ከእናታቸው የወረሱት ነው። ስለቱ በሞረድ ብዛት ቀጥኗል፤ ግን አላለቀም። እኛም አፈርን።

ሰንጢ በከተማ ስሙ የጠፋው በጠብ ምክንያት ነው። በእኛ እጅ ግን ሽንኩርት ይልጣል፣ የጆንያ አፍ ይከፍታል፣ ክር ይቆርጣል፣ ሸንኮራ ይከትፋል፣ የልጆችን እርሳስ ይቀርጻል። ታጥፎ ስለሚያዝ ገበያም ማሳም አብሮን ይሄዳል።

ይህን ስለት ያወጡልን እነማን ናቸው? ቀጥቃጮች ናቸው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን የሠሩት እነሱ ሆነው ሳለ አያቶቻችን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ ይሸሿቸው ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ይወራባቸው ነበር። በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋርም አይጋቡም ነበር። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ይኖሩ ነበር፤ እነሱም ከዚህ ስም አላመለጡም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ቢነገርም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። ዛሬም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያረጀ ብረት እንደገና ዕቃ ይሆናል፤ የመኪና ባሌስትራም በቀጥቃጭ እጅ ቢላዋ ሆኖ ይወጣል። እኛ ዋጋውን ተከራክረን እንገዛለን እንጂ የሠሪውን ስም አንጠይቅም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በደገኛው ባህል ሴት አታርድም። ባል ቤት ከሌለ እናቶቻችን ዶሮዋን ይዘው ደጅ ላይ ቆመው፣ የሚያልፍ ወንድ፣ ትንሽ ልጅም ቢሆን፣ «እባክህ ባርክልኝ» ይሉ ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ ቆርጦ ይሄዳል። መንጨቱ፣ ማጠቡ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳይሳሳቱ ማውጣቱ፣ ሽንኩርቱን መክተፉና ማቁላላቱ የሴቷ ነው። ቢላዋው ቀኑን ሙሉ በእጇ ውሎ «አራጅ» የሚባለው ግን ሌላ ነው። ይህን የምንጽፈው ባህሉን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ድካሙ የማን እንደነበረ እንዲታወቅ ነው።

በሒሳብ ሥራ ያልተመዘገበ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። የቀጥቃጩ ሙያና የሴቷ ጉልበት ለብዙ ዘመን የቀሩት እንዲሁ ነው። ስለዚህ መዝገቡን አርመናል። በምግብ ዝግጅት ክፍላችን ያሉት ስለቶች በሙሉ ከነዋጋቸው፣ ከነተገዙበት ቀንና ከነሠሪያቸው ስም ገብተዋል። አዲስ ስንገዛም በቀጥታ ከቀጥቃጮቹ እንገዛለን፣ ደረሰኝም እንጠይቃለን።

እናንተም በየቤታችሁ ያለውን ሰንጢ አንስታችሁ ማን እንደሠራው፣ ከማን እንደወረሳችሁት ጠይቁ። ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ በመዝገባችን ቦታ አለው።