የሞተር ሙቀትና የዘይት ግፊት መለኪያ፤ ታሪካዊ አመጣጡና የምስክርነቱ ዋጋ

በበቅሎና በፈረስ ይጓዝ የነበረ ሰው የእንስሳውን ድካም ከትንፋሹና ከላቡ ይረዳ ነበር። ሞተር ግን እንዲህ ያለ ምልክት ቶሎ አይሰጥም። ብረት ከብረት መፋተጉ በድምፅ እስኪሰማ፣ ወይም እንፋሎት ከራዲያተሩ ፈንድቶ እስኪወጣ ድረስ በውስጡ የሚደርሰው ጉዳት ከነጂው የተሰወረ ነው፤ ምልክቱ በታየ ጊዜም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ደርሷል። የሙቀትና የግፊት መለኪያዎች የተፈለሰፉት ይህንን ስውር ነገር አስቀድሞ ለመግለጥ ነው። ይሁን እንጂ ታሪካቸው ሲመረመር፣ እውነቱን ለነጂው የመግለጥ ዓላማ እንደ ጸና አልቆየም።

የታሪኩ መነሻ ከአውቶሞቢል ይቀድማል። በ1849 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤውጄን ቡርዶን የተባለ ፈረንሳዊ የሰዓት ሠሪና መሐንዲስ ለአንድ የግፊት መለኪያ ፓተንት አገኘ። የመሣሪያው ብልሃት እጅግ ቀላል ነው። ጠፍጠፍ ያለ ቀጭን የብረት ቱቦ እንደ ቀስት ይጎብጥና አንደኛው ጫፉ ይደፈናል፤ በሌላው ጫፍ ግፊት ሲገባበት ጠፍጣፋው ቱቦ ወደ ክብነት ስለሚያዘነብል ጉብጠቱ በመጠኑ ይቃናል። ይህች ጥቂት እንቅስቃሴ በጥርስ ተባዝታ ጠቋሚውን መርፌ ታዞራለች። ይኸው የጎበጠ ቱቦ ለእንፋሎት ማሽን ካገለገለ በኋላ በስፖርት መኪና ዳሽቦርድ ላይ ለሁለት የተለያዩ ተግባሮች ሊውል በቅቷል።

የዘይት ግፊት ትርጉም ደግሞ በ1883 በእንግሊዝ አገር ባልታሰበ አጋጣሚ ተገለጠ። ቢቻም ታወር የተባለው መሐንዲስ የባቡር አክስል በሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ሙከራ ሲያደርግ፣ ዘይት ለመጨመር በበሳው ቀዳዳ ዘይቱ ወደ ውጭ ይፈስ ጀመር። ቀዳዳውን በእንጨት ቢደፍነውም ዘይቱ እንጨቱን ገፍቶ አወጣው። በመጨረሻ በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ ቢገጥምበት ከ200 ፓውንድ በካሬ ኢንች በላይ አሳየ፤ በኩሽኔታው ላይ ያረፈው አማካይ ጭነት ግን 100 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ባወጣው ንድፈ ሐሳብ ምክንያቱን አስረዳ፤ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን ወደሚጠበው ክፍተት እየጎተተ ራሱን የሚሸከም ስስ የዘይት ንጣፍ ይፈጥራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዛሬም አስፈላጊ ነው። በዳሽቦርድ ላይ የሚነበበው ግፊት ክራንክሻፍቱን የሚሸከመው ግፊት አይደለም፤ ለኩሽኔታው ዘይት በበቂ ሁኔታ መቅረቡን የሚመሰክር ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ነጂው ዘይት በመስታወት ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል በዐይኑ ይቆጣጠር ነበር። ቪልሄልም ማይባህ ለ35 ፈረስ ጉልበቱ መርሴዲስ የሠራው የማር እንጀራ መሰል ራዲያተር በ1901 ፈጣን መኪና ያለ ዕረፍት እንዲሮጥ ቢያስችልም፣ የውሃውን ሙቀት የሚናገር መሣሪያ ገና አልተለመደም ነበር። ይህን ጉድለት በአሜሪካ የሞላው የቦይስ ሞቶሜትር ነው። በራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚተከል ቴርሞሜትር ሲሆን ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ ያነበዋል። የሚለካውም ከውሃው በላይ ያለውን ተን ስለሆነ፣ ውሃው ቢጎድል እንኳ እንፋሎቱ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናዎች ሁለቱን መለኪያዎች አቀራረቡ። በ1948 በወጣው ጃጓር ኤክስ ኬ 120፣ በ1955 በወጣው ኤም ጂ ኤ፣ እንዲሁም በ1962 በተጀመረው ኤም ጂ ቢ የመጀመሪያ ሞዴሎች የውሃ ሙቀትና የዘይት ግፊት በአንድ ክብ ሳህን ላይ ይነበቡ ነበር። ለግፊቱ ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ እስከ መለኪያው ይደርሳል። ለሙቀቱ ደግሞ ኤተር የያዘች ትንሽ የብረት እንክብል በሞተሩ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ሲሞቅ የኤተሩ ተን ግፊት በቀጭን ቱቦ ተጉዞ ሁለተኛውን የቡርዶን ቱቦ ያቃናል። ስለዚህ ነጂው ሙቀት አነበብሁ ሲል በእርግጥ ያነበበው ግፊት ነበር።

ሁለቱ መርፌዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለውበት ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ያለ ሌላው በትክክል አይተረጎምም። የዘይት ፓምፕ የሚገፋው መጠን ከሞተሩ ዙር ጋር ያድጋል፤ ግፊቱን የሚፈጥረው ግን ዘይቱ በኩሽኔታዎቹ ክፍተት ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው። ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ሲሆን መርፌው ከፍ ይላል፤ ሲሞቅና ሲቀጥን ይወርዳል። ለኤም ጂ ቢ የተሰጠው ልክ በጉዞ ከ50 እስከ 80 ፓውንድ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ከ10 እስከ 25 ፓውንድ ነው። እንግዲህ በሞቀ ሞተር በቆመበት ግፊት መውረዱ በሽታ አይደለም። ሙቀቱ ሳይለወጥ በተመሳሳይ ዙር ከትናንቱ ዝቅ ካለ ግን የዘይት ማነስ፣ የፓምፕ ድካም ወይም የኩሽኔታ መበላት ሊሆን ይችላል። በኃይለኛ ኩርባ ላይ መርፌው ድንገት ቢወድቅ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር መሳቡን ያመለክታል። ከፍተኛ ግፊትም ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም፤ ከመለኪያው ወዲያ ያለ መተላለፊያ ቢደፈን መርፌው ከፍ ብሎ ኩሽኔታው ዘይት ይራባል።

የሙቀት መርፌም የራሱ ወጥመድ አለው። የራዲያተር ክዳን አንድ ባር ያህል ግፊት ሲይዝ በባሕር ጠረፍ ውሃው የሚፈላው በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ክዳን አልባ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ በዚያው ክዳን ሥር ደግሞ በ116 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ንባብ በአዋሽና በእንጦጦ እኩል ደኅንነት ማለት አይደለም። ከዚህ የባሰው፣ ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ እንክብሏ ባዶ ላይ ስለምትቀር መርፌው ሊወርድ መቻሉ ነው፤ ሞተሩ እየተቃጠለ መለኪያው ቀዝቃዛ ነው ይላል።

በ1963 ለሕዝብ የቀረበው ፖርሽ 911 ውሃ ስላልነበረው ጉዳዩን በሌላ መንገድ ፈታው። ሞተሩ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ፣ ዘይቱም በተለየ ታንክ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ነጂው የዘይቱን ሙቀትና ግፊት ጎን ለጎን ያነብ ነበር። በአየር የሚቀዘቅዘው 911 እስከ 1998 ተሠርቷል።

በዚህ መካከል ሌላ አስተሳሰብ እያደገ መጣ። የአሜሪካው ሁድሰን በ1930ዎቹ ዓመታት በመለኪያ ፈንታ የማስጠንቀቂያ መብራት ተከለ። በኋላም የዘይትና የኤተር ቱቦዎች በኤሌክትሪክ ሽቦ ተተኩ፤ ዘይት ወደ ነጂው ክፍል የመፍሰሱ ሥጋት ቀረ፤ ሥራውም ረከሰ። በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 በመጀመሪያ እውነተኛ የዘይት ግፊት መለኪያ ነበረው። ከ1995 ሞዴል ወዲህ ግን መርፌው በማብሪያ ማጥፊያ የሚታዘዝ ሆነ፤ ግፊቱ ከዝቅተኛው ወሰን በላይ እስከሆነ ድረስ በአንድ ስፍራ ይቆማል። በብዙ ዘመናዊ መኪናዎችም የሙቀት መርፌው ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ ከመሐል ንቅንቅ እንዳይል ተደርጎ ይሠራል።

ለዚህ አሠራር የሚቀርበው ምክንያት ተራ አይደለም። አብዛኛው ነጂ መርፌ አይተረጉምም፤ ጤናማው መውጣትና መውረድ ያሸብረዋል፤ ቀይ መብራትም ከመርፌ ይልቅ ቶሎ ይታያል። ሆኖም መብራት ወሰኑን የሚያውቅ ምስክር ነው፤ አለ ወይም የለም ከማለት በቀር ሌላ አያስመስልም። የሚለካ መስሎ የማይለካ መርፌ ግን ነጂው ያልተሰጠውን ዕውቀት የተሰጠው እንዲመስለው ያደርጋል። የቀድሞውን መለኪያ ፈልገው መልሰው የሚገጥሙ የኤም ኤክስ 5 ባለቤቶች የሚሹት መርፌው ሲንቀሳቀስ በማየት የሞተራቸውን ጠባይ መማር ነው።

ቡርዶን በቱቦው የሰጠው ነገር የግፊቱን ለውጥ ሳይቀንስና ሳይጨምር ወደ ዐይን ማድረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ረቅቋል፤ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ግን አልቀለለም። ተመልካችን ማረጋጋት ካስፈለገ ግልጽ በሆነ መብራት ይደረግ፤ ቁጥርና መርፌ ያለበት ሳህን ግን የተጻፈበትን ነገር ሊለካ ይገባል።