ከሆስፒታል ውጭ ለቆመ ልብ የሚደረግ የኤክሞ ሕክምና

ኤክሞ የልብንና የሳንባን ሥራ ከአካል ውጭ ለጊዜው የሚተካ መሣሪያ ነው። ልቡ በቤት፣ በመንገድ ወይም በገበያ ድንገት ቆሞ በደረት ግፊትና በኤሌክትሪክ ንዝረት አልመለስ ላለ ሰው ሲውል ሐኪሞች «ኢሲፒአር» ይሉታል። መሣሪያው በራሱ ልብን አይፈውስም። ሐኪሞቹ ልቡ የቆመበትን ምክንያት አግኝተው እስኪያክሙ ድረስ፣ ብዙ ጊዜም የተዘጋውን የልብ ደም ቧንቧ እስኪከፍቱ፣ አንጎል ደም እንዳያጣ ጊዜ ይገዛል።

ሁለት ወፈር ያሉ ቱቦዎች በብሽሽት በኩል ይገባሉ፤ አንዱ በደም መልስ፣ ሌላው በደም ቅዳ። ፓምፑ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ስቦ በሰው ሠራሽ ሳንባ ያሳልፈዋል፤ ኦክስጅን ከተጨመረበትና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከወጣለት በኋላ ወደ ሰውነት ይመልሰዋል። በአዋቂ ሰው ፍሰቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ3 እስከ 5 ሊትር ነው። ደሙ በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ስለሚሰጥ መድማት ያሰጋል። ቱቦ የገባበት እግር ደም ሊያጥረው ይችላል፤ የሚመለሰው ደም የሚገፋውም ወደ ልብ አቅጣጫ በመሆኑ የደከመው የግራ ልብ ሊወጠር ይችላል።

የዚህ ሕክምና መነሻ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። የቀዶ ሐኪሙ ጆን ጊቦን እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ የልብና የሳንባ ማሽን ተጠቅሞ ለአንዲት የ18 ዓመት ወጣት የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና አደረገ። የፓሪስ የድንገተኛ ሕክምና ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኤክሞ ማሽኑን በሽተኛው ወደ ወደቀበት ቦታ ይዞ መሄድ ጀመረ።

ውጤቱ ያከራክራል። በሚኒያፖሊስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ከኤክሞው ቡድን 14 ሰዎች 6ቱ፣ ከተለመደው ሕክምና 15 ሰዎች ግን 1 ብቻ በሕይወት ከሆስፒታል መውጣታቸውን አሳየ። በ2022 የታተመው የፕራግ ጥናት 256 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ አንጎላቸው ደህና የሆነው ከኤክሞው ቡድን 31.5፣ ከተለመደው ሕክምና 22 በመቶ ቢሆኑም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም። በ2023 የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት በ30ኛው ቀን አንጎላቸው ደህና ሆኖ በሕይወት ያገኛቸው ከኤክሞው ቡድን 20፣ ከተለመደው ሕክምና 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሚኒያፖሊሱ ቁጥር አብዝቶ ቢጠቀስም፣ የመጣው በደንብ ከሠለጠነ አንድ ቡድንና ከጥቂት በሽተኞች መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የሚመረጡት በሽተኞች ጥቂት ናቸው፦ ዕድሜያቸው ያልገፋ፣ ሲወድቁ ሰው ያየላቸው፣ ወዲያው ደረታቸው የተጫነላቸው፣ የልባቸው ምትም በንዝረት ሊስተካከል የሚችል። ማሽኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሥራት መጀመር አለበት። በበረዶ ውኃ ሰጥመው የቀዘቀዙ ሰዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በኖርዌይ የሰውነት ሙቀቷ ወደ 13.7 ዲግሪ ሴልሲየስ የወረደ ሴት በልብና ሳንባ ማሽን ሞቃ ድናለች።

በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ማሽን የሚታወቀው በልብ ቀዶ ሕክምና ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ያቋቋመውና በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቶ፣ ለሕፃናት ልባቸው ቆሞ ደማቸው በማሽን እየዞረ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። እዚያ ግን በሽተኛው ቀጠሮ ይዞ፣ ተዘጋጅቶ ይገባል። በመንገድ ላይ የወደቀን ሰው የሚያነሣው አምቡላንስ ነው፤ አዲስ አበባ 939 እና የቀይ መስቀል 907 ይደወላል፣ የግሉ ጠብታ አምቡላንስም አለ።

ከዋና ከተማዋ ውጭ ግን ርቀቱ ራሱ እንቅፋት ነው። ለምሳሌ የቦረና ዞን ከተማ ያቤሎ ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከሐዋሳ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ነገሌ ቦረናም ከዋና ከተማዋ አትቀርብም። የአንድ ሰዓቱ ገደብ ሐዋሳ ሳይደረስ ያልፋል። በገጠሩ አምቡላንሱን አብዝተው የሚጠቀሙበትም ምጥ የያዛቸው እናቶች ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ሕይወትን የሚወስነው ከኤክሞ በፊት የሚደረገው ነው። ልብ ከቆመ በኋላ ያለ ደረት ግፊትና ያለ ንዝረት የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድልን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የሚጫነው ሰው በመዳፉ የደረትን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይገፋል። በሁለት ደቂቃ ጉልበት ስለሚያልቅ፣ የቦረና ሰዎች ቱላ ከሚባሉት ጉድጓዶቻቸው ውኃ ሲቀዱ ባልዲ እንደሚቀባበሉት ሳያቋርጡ መተካካት ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት የሕክምና ሙያ አይጠይቅም፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው ንዝረቱን የሚሰጠው መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተር፣ ነው፤ እሱም ከኤክሞ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ፣ ሥልጠናው የጥቂት ሰዓት ነው።