ካናዳ «ምን ተማርክ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ የት ይገባል?

ካናዳ በየ5 ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ ከ4 ቤቶች 1ዱ ረጅሙን ቅጽ እንዲሞላ ደርሶት ነበር። ቅጹ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ፦ ያጠናቀቁት ከፍተኛው የትምህርት ማስረጃ በምን ዘርፍ ነው?

ሰው በራሱ አገላለጽ ይመልሳል። አንዱ «ነርሲንግ» ይላል፣ ሌላው «አካውንቲንግ»፣ ሌላው ዝም ብሎ «ኢንጂነር»። ይሄን ሁሉ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ስታቲስቲክስ ካናዳ ነው። የሚጠቀምበት የኮድ መዝገብ በምህጻሩ ሲአይፒ ይባላል። መነሻው አሜሪካ ሲሆን ካናዳ የራሷን እትም በ2000 አውጥታ ከ2006 ቆጠራ ጀምሮ ትሠራበታለች። ከዚያ በፊት ሌላ መዝገብ ስለነበራት የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር አይቻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ባለ 6 አሃዝ ኮድ አለው። የመጀመሪያዎቹ 2 አሃዞች ሰፊውን ዘርፍ ይናገራሉ፣ ቀጣዮቹ እያጠበቡት ይሄዳሉ። 14 ምህንድስና ነው፣ 14.08 ደግሞ ሲቪል ምህንድስና። 15.02 ስትሉስ? የሲቪል ምህንድስና ቴክኖሎጂ፣ ማለትም የቴክኒሻኖቹ። «ኮምፒውተር» ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ ራስ ምታት ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ 11 ውስጥ፣ ኮምፒውተር ምህንድስና 14 ውስጥ ነው ያለው። «መካኒክ»ም ያው ነው፤ የመኪና ይሁን የአውሮፕላን ካልተነገረ አይታወቅም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የሚመዘገበው የከፍተኛው ማስረጃ ዘርፍ ብቻ ነው። በነርሲንግ ዲፕሎማ ይዞ ኋላ በቢዝነስ ማስተርስ የሠራ ሰው በዚህ ጥያቄ የቢዝነስ ሰው ነው፤ ነርስነቱ አይታይም። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ አበባ ሕግ ተምራ ቶሮንቶ ከገባች በኋላ በአጭር ኮርስ የአረጋውያን እንክብካቤ ሰርተፍኬት የያዘች ልጅ አሁንም ሕግ ውስጥ ነች። እንጀራዋን የምትበላበት ኮርስ እዚህ ቦታ የለውም።

ታዲያ ይሄ ምን ይጠቅማል? ቅጹ የተማራችሁበትን አገርም፣ የምትሠሩትን ሥራም ለየብቻ ይጠይቃል። ሥራው የራሱ የተለየ ምደባ አለው። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው ነገሩ የሚወጣው። የ2021 ውጤት እንዳሳየው፣ ውጭ አገር ሕክምና ተምረው ከመጡት ከ10 ሰዎች 4 ገደማ ብቻ ናቸው በሐኪምነት የሚሠሩት። በነርሲንግ ከዚያም ያንሳል። ካናዳ ውስጥ የሰለጠኑት ግን ከ10 ወደ 9 ይጠጋሉ። «ሐኪም ነበርኩ፣ አሁን ታክሲ እነዳለሁ» የሚለው ወሬ እንዲህ ሲቆጠር ነው መንግሥት ፊት ማስረጃ የሚሆነው። ዘርፉ በደንብ ካልተጻፈ ግን ሰውየው «ጤና» ተብሎ ከጅምላው ጋር ይደባለቃል፤ ሐኪም ይሁን የላብራቶሪ ባለሙያ መለየት አይቻልም።

ካናዳ ያላችሁ ወይም እዚያ ያሉ አባትና እናታችሁን ቅጽ የምትሞሉላቸው፦ «ኢንጂነሪንግ» ብላችሁ አትለፉ፣ «ሲቪል ኢንጂነሪንግ» በሉ። «ማስተማር» ሳይሆን «የአንደኛ ደረጃ መምህርነት»። የኢትዮጵያ ዲግሪም ይጻፋል፤ የተማሩበት አገር በሚለው ላይ ኢትዮጵያ ብሎ መሙላት ነው።