የመንገደኛው ቢስክሌተኛና የመንገድ ዕውቀት ታሪክ

በማያውቀው አገር የሚጓዝ ቢስክሌተኛ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ይኸውም መንገድ፣ ማደሪያና ባልንጀራ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ጉዞው ይሰናከላል። የባቡር ተሳፋሪ የሆነ እንደሆነ ሐዲዱ ይመራዋል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ በየደረሰበት ጠይቆ ያልፋል። ቢስክሌተኛ ግን በገዛ ጉልበቱ በአንድ ቀን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ በመሆኑ የዳገቱን ርዝመት፣ የቁልቁለቱን አደገኛነት፣ የመንገዱን ገጽታና የሚያድርበትን ቤት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ፍላጎት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ምክንያት ሆነ። ማኅበራቱም በተራቸው ለመንገድ ካርታ፣ ለመንገድ ምልክትና ለመንገድ ሥራ ዕድገት ከፍ ያለ ድርሻ አበረከቱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማኅበራቱ አመሠራረት

በእንግሊዝ አገር የምድር ባቡር ከተስፋፋ ወዲህ ቀድሞ የፈረስ ሠረገላ ይመላለስባቸው የነበሩት አውራ ጎዳናዎች ተመልካች አጥተው ነበር። በየመንገዱ ዳር የነበሩት የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችም ገበያቸው ቀዝቅዞ ነበር። በ1870ዎቹ ዓመታት የፊት መንኰራኩሩ እጅግ ትልቅ የሆነው ቢስክሌት ሲለመድ፣ ወደነዚህ መንገዶች ተመልሰው የወጡት ቢስክሌተኞች ናቸው። ከከፍተኛ መቀመጫ ላይ ወደፊት ተወርውሮ መውደቅ የተለመደ አደጋ ስለ ነበረ፣ ስለ ቀጣዩ ቁልቁለት አስቀድሞ መረጃ ማግኘት ለተሳፋሪው የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ነሐሴ ወር 1878 ስታንሊ ኮተረል የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሐሮጌት ከተማ የቢስክሌት ጉዞ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ በ1883 ባለ ሦስት መንኰራኩር ተሳፋሪዎችንም ለማቀፍ ሲል ስሙን ለውጦ «ሳይክሊስትስ ቱሪንግ ክለብ» ተባለ። የአሠራሩ ዘዴ ቀላል ነበር። በየከተማው ከሚገኙት አባላት መካከል አንዱ ይመረጥና «ቆንስል» ይባላል። ወደዚያ አገር ለመጓዝ ያሰበ አባል ለቆንስሉ ይጽፋል፤ ቆንስሉም የትኛው መንገድ እንደሚሻል፣ የትኛው ማረፊያ ቤት እንደሚታመን፣ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ የት እንደሚገኝ ይመልስለታል። ይህ ሥርዓት በእንግሊዝ አገር ብቻ ሳይወሰን ወደ ባሕር ማዶም ተሻግሯል።

ከማረፊያ ቤቶች ጋር ደግሞ ማኅበሩ የዋጋ ውል ይዋዋል ነበር። ውሉን የተቀበለው ቤት ክንፍ ያለው መንኰራኩር የተሣለበት ምልክት በግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ አባሉም ምልክቱን ሲያይ ሳይከራከር ገብቶ በተወሰነው ዋጋ ያድራል። በአደገኛ ቁልቁለቶች አናት ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎችን ማቆምም ከቢስክሌተኞች ማኅበራት ሥራዎች አንዱ ነበር። በ1885 የጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» ቢስክሌት እኩያ ለመሆን በተቃረቡ ሁለት መንኰራኩሮች ተሠርቶ ቀረበ፤ በ1888 የዳንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ተከተለ። ከዚህ በኋላ ቢስክሌት የደፋር ጎረምሶች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሴቶችና የሠራተኞችም መጓጓዣ ሆነ። በ1899 የማኅበሩ አባላት ቍጥር 60,449 ደርሶ ነበር።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ማኅበራት ተነሡ። የአሜሪካው «ሊግ ኦፍ አሜሪካን ዊልመን» በ1880፣ የሆላንዱ በ1883፣ የፈረንሳዩ «ቱሪንግ ክለብ» በ1890፣ የኢጣልያው ደግሞ በ1894 ተቋቋሙ። እነዚህ ማኅበራት ያጋጠማቸው ዋነኛ ችግር የጉምሩክ ኬላ ነበር። ድንበር የሚሻገር ቢስክሌተኛ መሣሪያውን በውጭ አገር እንዳይሸጠው ተብሎ የቀረጥ መያዣ ገንዘብ ይጠየቅ ነበርና፣ ማኅበራቱ ከየመንግሥታቱ ጋር እየተነጋገሩ የአባልነት ወረቀት እንደ ዋስትና የሚቈጠርበትን መንገድ አበጁ። በ1898 የልዩ ልዩ አገሮች ማኅበራት በሉክሰምበርግ ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ኅብረት መሠረቱ። ስለዚህም የአንዱ አገር አባል በሌላው አገር እንደ ቤተ ዘመድ የሚቀበለው ወገን አገኘ።

እንግዳ የሚባለው ማን ነው?

ይሁንና የእንግድነቱ በር ለሁሉም እኩል የተከፈተ አልነበረም። በ1898 ሌዲ ሐርበርተን የተባሉት እንግሊዛዊት ወይዘሮ ለቢስክሌት የሚመች ሱሪ ለብሰው በሰሪ ክፍለ ሀገር ወደሚገኝ አንድ ማረፊያ ቤት ሲገቡ፣ ባለቤቲቱ በልብሳቸው ምክንያት ከዋናው መመገቢያ ክፍል አግዳ ወደ መጠጥ ቤቱ መራቻቸው። ማኅበሩም ባለቤቲቱን ከሰሰ። በ1899 የተሰየመው ችሎት ግን ወይዘሮዋ ሌላ ክፍል ስለ ተሰጣቸው መስተንግዶ አልተነፈጉም በማለት ባለቤቲቱን በነፃ አሰናበተ። ማኅበሩ በፍርድ ቢረታም፣ ምልክቱን አምኖ ለሚመጣ አባል መሟገት ግዴታው መሆኑን በአደባባይ አሳይቷል።

በአሜሪካ የተፈጸመው ከዚህ የከፋ ነው። የአሜሪካው ማኅበር በ1894 ከነጮች በስተቀር አባል እንዳይቀበል ደንቡን አሻሻለ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት አባል የሆነችው የቦስተኗ ልብስ ሰፊ ኪቲ ኖክስ በ1895 በአዝበሪ ፓርክ በተደረገው ስብሰባ ስትገኝ የአባልነት ካርዷ አከራከረ። የመንገድ መጽሐፍ አሳትሞ ለመንገደኛው ሁሉ ያስብ የነበረው ድርጅት፣ በቆዳ ቀለም ምክንያት ባልንጀራውን ከጉዞው አገለለ። ማኅበሩ ይህን ድርጊቱን በይፋ የነቀፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1999 ነው።

ከቢስክሌት ወደ መንገድ ሥራ

ለመሐንዲሶች ይልቁንም የሚያስተምረው ማኅበራቱ ከመረጃ ማቀበል ወደ መንገድ ማሻሻል የተሸጋገሩበት ሁኔታ ነው። መንገዱ ጭቃ መሆኑን በየዓመቱ በመጽሐፍ ከማተም ጭቃውን ማስወገድ የሚሻል መሆኑን ተረዱ። በ1886 የእንግሊዝ ቢስክሌተኞች የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር አቋቋሙ፤ አሜሪካኖቹም በ1892 ስለ መልካም መንገዶች የሚሰብክ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ጥናት መሥሪያ ቤት ከፈተ። አውቶሞቢል ሲመጣ የመንገዱ ክርክር አስቀድሞ ተከናውኖ፣ ካርታውና ምልክቱ ተጀምሮ ጠበቀው። የሚያሳዝነው አውቶሞቢል በበዛ ጊዜ በመንገዱ ላይ ቦታ ያጣው ያው ቢስክሌተኛ መሆኑ ነው።

የኢጣልያው ማኅበር ታሪክ ደግሞ እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳል። በሚላኖ ከተማ 57 ቢስክሌተኞች የመሠረቱት ይህ ማኅበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ «የቢስክሌት» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ የአጠቃላይ ጉዞ ማኅበር ሆነ። ከ1906 ጀምሮ አገሩን በሙሉ የሚያሳይ በ1 ለ250,000 ልኬት የተነሣ ካርታ ማዘጋጀት ያዘ። በፋሽስት ዘመን ባዕድ ቃል ሲከለከል ስሙ እንደ ገና ተለወጠ፤ በ1938 ደግሞ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ» የተባለውን ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። አርበኞች በየዱሩ ሲዋጉ፣ መጽሐፉ የአገራችንን መንገዶች በኪሎ ሜትር እየለካ ለወራሪው ወገን መንገደኛ ያቀርብ ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ባለ አገር ሆኖ ስለ ገዛ ቀዬው ለእንግዳ ይመልስ ነበር፤ በዚህኛው መጽሐፍ ግን ባለ አገሩ አልጋበዘም፣ እንግዳ ተቀባይም አልነበረም። የመንገድ ዕውቀት ጠቃሚ የመሆኑን ያህል በማን እጅ ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከከሰል ማዕድን የተገኘው ዘዴ

ጉዳዩን በመልካም ምሳሌ ለመደምደም ወደ ቤልጅግ መመልከት ይበቃል። በሊምቡርግ ክፍለ ሀገር የከሰል ማዕድን መሐንዲስ የነበሩት ሁጎ ቦለን፣ ከመሬት በታች ያሉት መተላለፊያዎች በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ቍጥር እንደሚሰጠው ከሥራቸው ያውቁ ነበር። የክፍለ ሀገሩ የመጨረሻ ማዕድን ጉድጓድ በ1992 ከተዘጋ በኋላ ይኸው ዘዴ ለቢስክሌት መንገድ ዋለ። መንገዶቹ በሚገናኙበት እያንዳንዱ ስፍራ ቍጥር ተተከለ፤ ከአንዱ ቍጥር ወደ ሚቀጥለው የሚያመለክቱ ሰሌዳዎችም ተደረጉ። በ1995 የተጀመረው ይህ መረብ ወደ ሌሎች የቤልጅግ ክፍሎችና ወደ ሆላንድ ተስፋፋ። መንገደኛው የአገሩን ቋንቋ ባያውቅም ሰባት ወይም ስምንት ቍጥሮች በወረቀት ጽፎ ይወጣል፤ ሲደክመው መንገዱን ያሳጥራል፤ ሳይጠፋ ይመለሳል።

በዛሬው ጊዜ የእጅ ስልክ በሳተላይት እየተመራ መንገዱን ያሳያል፤ በየከተማው ያሉትን የቢስክሌተኛ ቡድኖች የመነሻ ሰዓትና ቦታም በቀላሉ ያስገኛል። ብዙ ሰው የሚያዘወትረው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ከካርታው ይታወቃል። ሆኖም መንገዱ ለምን እንደ ተመረጠ፣ ከዝናብ በኋላ የትኛው ማዞሪያ እንደሚያንሸራትት፣ የውኃ ምንጭ የት እንደሚገኝ የሚያውቀው በየሳምንቱ የሚመላለስበት ያገሩ ሰው ነው። በ1878 በሐሮጌት የተሰበሰቡት ወጣቶች ለእያንዳንዱ ከተማ ቆንስል የመረጡት ይህን በመገንዘብ ነበር። መንገድ የሚነድፍ መሐንዲስም ንድፉን ከመጨረሱ በፊት እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ ቢጠይቅ ሥራው ይቃናለታል።