ጭረቷ የት ትግባ?

በእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ፣ በሮቫ ዳሌት ሰፈር፣ ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት ልጅ እንግሊዝኛ ሲጀምር፣ ከአማርኛውና ከዕብራይስጡ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት የባለቤትነት አገላለጽ ይገጥመዋል። በአማርኛ «የተማሪዎቹ» ሲባል «የ» ከፊት፣ «ዎች» ከመሐል ሆነው ብዛቱ በግልጽ ይሰማል። በዕብራይስጡ «ሼል ሃታልሚዲም»ም ብዛቱ ለጆሮ አይጠፋም።

እንግሊዝኛው ግን ያወናብዳል። «ስቱደንትስ» ሲባል «ተማሪዎች»፣ «የተማሪ» ወይም «የተማሪዎች» ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ አንድ ነው። የሚለየው አፖስትሮፍ የሚሏት፣ በጽሑፍ ብቻ የምትታይ ጭረት ናት፦ ባለቤቱ አንድ ተማሪ ከሆነ ከ«ኤስ» በፊት፣ ብዙ ከሆኑ ከ«ኤስ» በኋላ ትገባለች። «ችልድረን» (ልጆች) ግን ያለ «ኤስ» ስለሚበዛ ጭረቷ እንደ ነጠላው ከ«ኤስ» ፊት ትቀመጣለች። ተማሪን የምታስለቅሰው ይህችኛዋ ናት።

ባለቋንቋዎቹም ቢሆኑ አልተስማሙባትም። የለንደን ባቡር «ኧርልስ ኮርት» ጣቢያ ላይ ይጽፋታል፤ በፒካዲሊ መስመር ቀጥሎ ባለው «ባሮንስ ኮርት» ላይ ግን የለችም። የመጻሕፍት መደብሩ ዋተርስቶንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሙ አውጥቷታል።

የአሜሪካን የእናቶች ቀን የመሠረተችው አና ጃርቪስ ግን የጭረቷን ቦታ በጥብቅ ጠብቃለች። ስሙ በነጠላ እንዲጻፍ የፈለገችው እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን እናት እንዲያከብር ነው። አማርኛው «የእናቶች ቀን» ብሎ አብዝቶታል፤ እስራኤል ደግሞ «ዮም ሃኤም» የነበረውን «የቤተሰብ ቀን» አድርጋዋለች።