«የሥራ ሽግሽግ»፦ ሐኪም በሌለበት ማን ያክማል?

በአፋር ክልል፣ ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባው የጅቡቲ መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጭነት መኪናው ቀን ከሌት ይመላለስበታል። የአካባቢው ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎችም ብዙዎቹ ይህንኑ አስፋልትና የአዋሽን ወንዝ ተጠግተው የተሠሩ ናቸው። ግመልና ፍየል ግን አስፋልት አይከተልም። ዝናብ የጣለበትን ሰምቶ ከመንገዱ ርቆ የሰፈረ ቤተሰብ፣ ሕፃኑን ሲያስለው ወይም ነፍሰ ጡሯን ምጥ ሲይዛት ማን ይድረስለት? የጤና አመራር ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ያበጁት መልስ «ታስክ ሺፍቲንግ» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሐኪም ብቻ ተከልሎ የቆየ ሥራ ይለያል፤ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚበቃ አጭር ሥልጠና ይዘጋጃል፤ ከዚያም ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንድትሠራው በሕግ ይፈቀዳል። በአማርኛ «የተግባር ሽግግር» ሊባል ይችል ነበር። እኔ ግን «የሥራ ሽግሽግ» ብለው ይሻለኛል። ሽግግር ስንል አንዱን ለቆ ወደ ሌላው ጠቅልሎ መግባት ነው የሚመጣብን። ሽግሽግ የታክሲ ረዳቱ «እስኪ ተሸጋሸጉ» ሲል የሚሆነው ነው፦ ማንም ሳይወርድ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይላል፣ ለቆመው ሰው ቦታ ይገኛል። ሐኪሙም ሥራውን አስረክቦ አይሄድም፤ ከበድ ያለውን ይዞ ይቆያል።

ስሙ አዲስ ቢሆንም ሥራው ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ወላጆቻችን ድሬሰር ሲሉት የኖሩት፣ ሐኪም ሳይሆን የሚያክመው ባለሙያ ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1954 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ የጀመረው ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ስለማይቻል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው ሪፖርት የባለሙያ እጥረታቸው አሳሳቢ ካላቸው 57 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መለኪያው ለ1,000 ሰው በድምሩ 2.3 ያህል ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ነበር። በጥር 2008 ስለ ሥራ ሽግሽግ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ዋናው መነጋገሪያ የኤችአይቪ ሕክምና ነበር፤ መድኃኒቱን ነርሶች ማስጀመር ይችላሉ ወይ የሚል።

ኢትዮጵያ ያን ጊዜ ከጉባኤው ቀድማ ሄዳ ነበር። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት መደበ። መጀመሪያ ሥራቸው ክትባት፣ መጸዳጃ ቤትና ምክር ነበር። ቀስ በቀስ የወባ ምርመራና መድኃኒት፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለሕፃናት የሳንባ ምች ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠት ተጨመረላቸው። በላይኛው እርከንም በ2009 ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። ዛሬ ስፔሻሊስት ሐኪም በሌለበት የገጠር ሆስፒታል እናትን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልደው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በምትሠራበት ጤና ኬላ ውስጥ ሽግሽጉ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ነው። እናት የሚያስለው ልጅ ታቅፋ ትመጣለች። ባለሙያዋ ልብሱን ገለጥ አድርጋ፣ ሰዓት ይዛ፣ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ለሆነው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ለሆነው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። አሞክሲሲሊን ትሰጣለች፤ መጥባት ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ራጅ የለም፣ ማዳመጫም የለም። የሐኪሙ እውቀት አንድ ቁጥርና አንድ መቁረጫ ሆኖ ወርዷል። ለእኔ ፈጠራ ማለት ይህ ነው፤ አዲስ ማሽን ከማስመጣት ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ፕሮግራሙ አፋር ሲደርስ ደንቡ ራሱ መሸጋሸግ ነበረበት። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ አፋርኛ የምትናገርና ገጠር የምትቀመጥ ሴት በየቀበሌው ከየት ትገኛለች? ስለዚህ በአርብቶ አደር አካባቢዎች የትምህርት መስፈርቱ ላላ፣ ወንዶችም ተቀጠሩ። ጤና ኬላ ተሠርቶ ሕዝቡ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ሲሄድበት ደግሞ መኪና ይዞ የሚከተል ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን መጣ። ሙቀቱም የራሱን ደንብ ያወጣል። ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚወጋው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ሰመራ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ብርቅ አይደለም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ማቀዝቀዣም መርፌም አይፈልግም፣ የምትሰጠውም የግድ አዋላጅ መሆን አያስፈልጋትም።

ከመንግሥት ውጭም የሚጠቀስ ሥራ አለ። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ቫለሪ ብራውኒንግና ባለቤታቸው እስማኤል አሊ ጋርዶ ያቋቋሙት የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበር ከየጎሳው መካከል ማንበብና መጻፍ የተማሩትን ለጤና ሥራ እያሠለጠነ፣ ከባህላዊ አዋላጆች ጋር እያጣመረ፣ ከሰፈሩ ጋር እንዲጓዙ አደረገ። ሚሌ ላይ ያለው የባርባራ ሜይ የእናቶች ሆስፒታል የዚሁ ሰንሰለት ሌላኛው ጫፍ ነው፤ አዋላጇ ያልቻለችው ምጥ የሚላክበት ቦታ ካልኖረ አዋላጇን ማሠልጠኑ ግማሽ ሥራ ይሆናል።

«ሽግሽግ» የሚለው ቃል አላግባብ የሚነገረውም እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ባለሙያ ማግኛ ዘዴ አድርገው የሚወስዱት አሉ፤ በጀት ሲያጥር ከሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚላቸውም እሱ ነው። ሥራው ሲወርድ መድኃኒቱ፣ ክትትሉና የማጓጓዣ መኪናው አብረው ካልወረዱ የወረደው ተጠያቂነቱ ብቻ ነው። ጤና ኬላ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች የ20 ዓመት ልጅ በየጊዜው አዲስ ፓኬጅ እየተጨመረባት አሞክሲሲሊኑ ግን አልቆ ቢያገኟት የሽግሽግ ምሳሌ አትባልም። የጤና መሪ የሚለካውም ስንት ሰው አሠለጠነ በሚል ብቻ አይመስለኝም፦ ያሠለጠናት ልጅ ብትሳሳት ከጎኗ የሚቆም የበላይ አላት ወይ? ማታ ስትደውል ስልክ የሚያነሳላት ጤና መኮንን አለ ወይ? በዚህ የተነሳ በቅርብ ዓመታት «መጋራት» የሚለው ቃል፣ ማለትም «ታስክ ሼሪንግ»፣ «ሽግሽግን» እየተካ መጥቷል። ሁለቱንም ብንይዛቸው አይጣሉም።

ጤና ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2035 እንዲያገለግል ያወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ፍኖተ ካርታ ደግሞ ሽግሽጉን በሌላ አቅጣጫ ጀምሮታል። ከጤና ጣቢያ በሚርቁ ቦታዎች ጤና ኬላው ሰፋ ብሎ ነርስና አዋላጅ እንዲመደቡበት ታስቧል። እስካሁን ሥራ ወደ ታች ሲወርድ ነበር፤ አሁን ባለሙያውም አብሮ ይውረድ ነው የሚባለው። ከአስፋልቱ ርቆ፣ ቤትና መብራት በሌለበት ቀበሌ ለመቀመጥ ማን ፈቃደኛ እንደሚሆንና በምን ያህል ደመወዝ፣ በአፋር ዋናው ክርክር የሚሆነው ይህ ነው።